2147483647፦ ስለ «ምሥጢራዊው ቁጥር» ለተጻፈው ምላሽ

ስለ 2147483647 የተጻፈ አንድ መጣጥፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው ሰንብቷል። ላላነበበው ፍሬ ነገሩን ላስቀድም። ጸሐፊው ስድስት ነገር ይላሉ። ቁጥሩ ፕራይም ከሚባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ ነው። ብቸኛ መሆኑንም ከኮምፒውተር በቀር ያረጋገጠ የለም። የተገኘበት ቀመር ሁልጊዜ ብቸኛ ቁጥር ይሰጣል። አኃዞቹ ተደምረው መጨረሻ ላይ 1 መሆናቸው የአንድነት ምልክት ነው። ኮምፒውተር ሠሪዎች የመረጡትም ብቸኛ ስለሆነ ነው። ስድስተኛውና ጽሑፉን ያስወራው ደግሞ ይኼ ነው፦ የኮምፒውተሮች የሰዓት ቆጠራ በዚህ ቁጥር የሚያልቀው ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. በጥምቀት ዕለት ስለሆነ ነገሩ አጋጣሚ ሊሆን አይችልም።

ቀኑ ትክክል ነው። በወረቀት አስልቼ አግኝቼዋለሁ፤ ስሌቱንም ከታች አሳያለሁ። ሌላው ግን አንድም ሳይቀር እርማት ይፈልጋል። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ ነጥቦቹ ከመግባቴ በፊት ቁጥሩ ምን እንደሆነ ልበል፤ ጸሐፊው በአንድ መስመር አልፈውታልና። 31 ሁለቶችን እርስ በርስ ብናባዛ 2147483648 እናገኛለን። ከዚያ ላይ 1 ሲቀነስ የኛው ቁጥር ይመጣል፤ ባጭሩ 2³¹ − 1። በ0 እና በ1 ብቻ በሚጻፈው በኮምፒውተሩ ቋንቋ ደግሞ 31 አንዶች ተከታትለው ይቆማሉ። ቁጥሩ ያለው ጠባይ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ አሠራሩ ነው።

«ከብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ ነው»

ብቸኛ ቁጥር፣ ፕራይም የምንለው፣ ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለ ቁጥር ነው። ከእነዚህ «ትልቁ» የሚባል እንደሌለ የግሪኩ የሒሳብ ሊቅ ዩክሊድ ያሳየው ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ገደማ ነው። አሉ የተባሉትን ብቸኛ ቁጥሮች በሙሉ አባዝተህ 1 ጨምርበት፤ የሚመጣው ቁጥር በየትኛቸውም ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ ስለዚህ ወይ ራሱ ብቸኛ ነው፣ ወይም በዝርዝሩ ያልነበረ ብቸኛ ቁጥር ያካፍለዋል። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ከ2147483647 ቀጥሎ ያለው ብቸኛ ቁጥር 2147483659 ነው፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት 12 ብቻ።

ጸሐፊው ይህን ከየት እንዳመጡት ግን እገምታለሁ። ቁጥሩ ለ95 ዓመት ያህል፣ ከ1772 እስከ 1867፣ ሰው ከሚያውቃቸው ብቸኛ ቁጥሮች ትልቁ ነበር። እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎው በ1811 ባሳተመው መጽሐፍ ከዚህ ቁጥር የሚገኘውን ፍጹም ቁጥር (ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ተደምረው ራሱን የሚሰጡትን) ጠቅሶ፣ ከዚህ የሚበልጥ ምናልባት መቼም አይገኝም፤ ነገሩ ለማወቅ ጉጉት እንጂ ለጥቅም ስላልሆነ ማንም አይደክምበትም ብሎ ነበር። ፈረንሳዊው ላንድሪ ግን በ1867 ደከመበት። 2⁵⁹ − 1ን ሲበትን 179951 እና 3203431780337 የሚባሉ ሁለት አካፋዮች አገኘ፤ ሁለተኛው ብቸኛ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ሌላው ፈረንሳዊ ሉካ 39 አኃዝ ያለውን 2¹²⁷ − 1 አረጋገጠ። በ2024 የተገኘው ክብረ ወሰን ደግሞ 136279841 ሁለቶች ተባዝተው 1 የሚቀነስበት ቁጥር ሲሆን የአኃዞቹ ብዛት 41,024,320 ነው።

«ያለ ኮምፒውተር ሊረጋገጥ አይችልም»

ከስድስቱ በጣም የቆረቆረኝ ይኼ ነው፤ ምክንያቱም የሰው ልጅ በወረቀትና በቀለም ከሠራቸው ደስ ከሚሉ ነገሮች አንዱን ይሰርዛል።

ያረጋገጠው ስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ሊዮናርድ ኦይለር ነው። በሴንት ፒተርስበርግ ተቀምጦ፣ ዓይኑ ሊያይ ወደማይችልበት ደረጃ በደረሰ ጊዜ፣ በ1772 ለሒሳብ ሊቁ በርኑሊ በላከው ደብዳቤ ውጤቱን አሳወቀ። እንዴት እንደሠራው መከተል የአሥረኛ ክፍል ሒሳብና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃዋል።

አንድ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን ለማየት እስከ ስኩዌር ሩቱ ድረስ ባሉ ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ማካፈል ነው። የኛው ስኩዌር ሩት 46340 ከምናምን ነው። እስከዚያ ድረስ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 4792 ናቸው። ባለ አሥር አኃዝ ቁጥርን 4792 ጊዜ በእጅ ማካፈል ይቻላል፣ ግን ማን ይሞክረዋል? ኦይለር መጀመሪያ የጠየቀው ሌላ ነው፤ አካፋይ ቢኖር ኖሮ ምን ዓይነት መሆን ነበረበት?

ያንን አካፋይ «መ» እንበለው። መ 2³¹ − 1ን ካካፈለ፣ 2³¹ ለመ ሲካፈል 1 ይተርፋል ማለት ነው። ፌርማ በ1640 ባስቀመጠው ሕግ ደግሞ 2 ከመ አንድ በሚያንስ አርቢ ከፍ ሲል ለመ ተካፍሎ 1 ይተርፋል። 31 ራሱ ብቸኛ ስለሆነ ሁለቱ የሚስማሙት 31 ከመ አንድ የሚያንሰውን ቁጥር ሲያካፍል ብቻ ነው። መ ጎዶሎ ነው፤ ስለዚህ ከእሱ 1 ሲቀነስ ሙሉ፣ ማለትም ለ2 የሚካፈል፣ ነው። እንግዲህ መ የ62 ብዜት ሲደመር 1 መሆን አለበት። በዚህ ብቻ አብዛኛው ሥራ ተሰረዘ።

ኦይለር እዚህ አላቆመም። 2³¹ ለመ ሲካፈል 1 ከተረፈ 2³² ሲካፈል 2 ይተርፋል። 2³² ግን የ2¹⁶ ስኩዌር ነው። ስኩዌር ሆኖ ለአንድ ብቸኛ ቁጥር ሲካፈል 2 የሚተርፈው ደግሞ ብቸኛው ቁጥር ለ8 ሲካፈል 1 ወይም 7 የሚተርፈው ከሆነ ብቻ ነው (2ን ራሱን ሳንቆጥር)። ሁለቱን ማጣሪያዎች ስናገናኝ የሚቀሩት ወይ የ248 ብዜት ሲደመር 1፣ ወይ የ248 ብዜት ሲደመር 63 የሆኑት ናቸው። እስከ 46340 ድረስ ከመጀመሪያው ዓይነት 186፣ ከሁለተኛውም (ለ3 የሚካፈለውን 63ን ራሱን ሳንቆጥር) 186 አሉ፤ በጠቅላላው 372። ከእነሱም ብዙዎቹ ራሳቸው ስለሚካፈሉ ይወድቃሉ፦ 249 የ3 እና የ83 ብዜት ነው፤ 497 የ7 እና የ71፤ 559 የ13 እና የ43። ከ1300 በታች የሚተርፈው ብቸኛ ቁጥር 311 ብቻ ነው። 2147483647ን ለ311 አካፍሉት፤ 6905092 ይደርስና 35 ይተርፋል። አልተካፈለም። ቀጣዩ 1303 ነው።

ከ4792 ማካፈል ወደ ጥቂት መቶ የወረደው በፈጣን እጅ ሳይሆን በማሰብ ነው። ስልካችን ዛሬ በቅጽበት የሚሠራው መሆኑ የኦይለርን ማረጋገጫ አያሳንሰውም፤ ማረጋገጫው ከመጀመሪያው ኮምፒውተር በፊት ሙሉ ነበር።

«ቀመሩ ሁልጊዜ ብቸኛ ቁጥር ይሰጣል»

አይሰጥም። ጸሐፊው 3፣ 7፣ 31 እና 127ን ደርድረው፣ አርቢው ብቸኛ እስከሆነ ድረስ ውጤቱም ብቸኛ ነው ብለዋል። ከ127 ቀጥሎ ያለውን ቢሞክሩት ያቆማቸው ነበር፦ 2¹¹ − 1 ማለት 2047 ነው፤ እሱም 23 ሲባዛ በ89። እስከ 31 ድረስ 11 ብቸኛ አርቢዎች አሉ፤ ስምንቱ ይሠራሉ፣ 11፣ 23 እና 29 ይወድቃሉ። የኛው ቁጥር ስምንተኛው ነው። ከዚያ ወዲያማ የሚሠራ ማግኘት ብርቅ ነው፤ እስካሁን የታወቁት በጠቅላላው 52 ናቸው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ብቻቸውን አይደሉም፤ ታላላቆቹም ተሳስተዋል። ጣሊያናዊው ካታልዲ በ1603 አርቢዎቹ 23፣ 29፣ 31 እና 37 ሁሉም ይሠራሉ አለ፤ የሠራው 31 ብቻ ነው። እነዚህ ቁጥሮች በስሙ የሚጠሩት ፈረንሳዊው መነኩሴ ሜርሴን በ1644 ባወጣው ዝርዝር 67ን አስገብቶ 61ን ረሳ። በ1903 አሜሪካዊው ኮል 2⁶⁷ − 1 የ193707721 እና የ761838257287 ብዜት መሆኑን አሳየ። ቀመሩ ሁልጊዜ ቢሠራ ኖሮ ለአዲስ ብቸኛ ቁጥር ፍለጋ በዓለም ዙሪያ በሺህ የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ባልተጠመዱ ነበር።

«አኃዞቹ ተደምረው 1 ይሆናሉ»

ድምሩ ልክ ነው፦ 2+1+4+7+4+8+3+6+4+7 = 46፤ 4+6 = 10፤ 1+0 = 1። ጥያቄው ምን ያሳያል ነው። አኃዞችን እየደመሩ ወደ አንድ አኃዝ ማውረድ ቁጥሩን ለ9 አካፍሎ ቀሪውን ከማየት የተለየ አይደለም። ከየዘጠኙ ቁጥር አንዱ 1 ላይ ያርፋል። 10 ያርፋል፣ 19 ያርፋል፣ ኪሳችን ያለው የመቶ ብር ኖትም ያርፋል።

አርቢውን እያየን ብንሄድ ደግሞ ምክንያቱ ፊት ለፊት ይወጣል። 127፣ 8191 እና 524287 ሦስቱም 1 ላይ ያርፋሉ፤ አርቢዎቻቸው 7፣ 13 እና 19 ናቸውና። 31 እና 131071 ግን 4 ላይ ያርፋሉ፤ የእነሱ አርቢዎች 5 እና 17 ናቸው። 2ን ስናባዛ ለ9 የሚተርፈው በየስድስት ርምጃ ስለሚደገም፣ ለ6 ሲካፈል 1 የሚተርፈው አርቢ ሁሉ 1 ያመጣል። 31 እንደዚያ ነው። ከዚህ የዘለለ ምሥጢር የለበትም።

ጸሐፊው ለ9 ሲካፈል 1 መትረፉን ካደነቁ፣ ለ7፣ ለ11፣ ለ31፣ ለ151 እና ለ331ም ሲካፈል 1 መትረፉን ቢያውቁ ምን ይሉ ይሆን? ከቁጥሩ 1 ሲቀነስ የሚገኘው 2147483646 የ2፣ የ9፣ የ7፣ የ11፣ የ31፣ የ151 እና የ331 ብዜት ነው፤ ሌላ ምንም አይጨመርበትም። ይህን ያህል ትልቅ ቁጥር እንዲህ ወደ ትናንሾች ተበትኖ ማለቁ ከአኃዝ ድምር ይልቅ ትኩረት ይገባው ነበር። አኃዞቹ ራሳቸውም ቢሆኑ የአጻጻፍ ጉዳይ ናቸው። አባቶች በግዕዝ ቢጽፉት ፳፩፼፵፯፻፵፰፼፴፮፻፵፯ ይሆን ነበር፤ ቁጥሩ ያው ነው፣ የሚደመሩት ምልክቶች ግን ሌላ ናቸው።

ምልክት ለሚፈልግ ሰው እውነተኛ ጠባይ ልስጥ። 28ን የሚያካፍሉት ከራሱ በቀር 1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 14 ናቸው፤ ሲደመሩ 28 ይሆናሉ። እንዲህ ያለው ፍጹም ቁጥር ይባላል። 2147483647ን በ2³⁰ ብናባዛ 2305843008139952128 እናገኛለን፤ እሱም ፍጹም ነው። ባርሎው ከዚህ የሚበልጥ አይገኝም ያለው ይህንኑ ነበር።

«ኮምፒውተር ሠሪዎች የመረጡት ብቸኛ ስለሆነ ነው»

32 ቢት (0 ወይም 1 የሚጻፍበት ቦታ) ባለው የኮምፒውተር ቋት ውስጥ አንዱ ቢት የመደመርና የመቀነስ ምልክት ይይዛል፤ ለመጠኑ 31 ይቀራል። 31ዱም 1 ሲሆኑ ከዚያ የሚበልጥ አይጻፍም። ማንም አልመረጠውም፤ ከስፋቱ የመጣ ነው። ብቸኝነት ቢፈለግማ ባለ 16 ቢቱ ጣሪያ 32767 ባልሆነ ነበር፤ እሱ የ7፣ የ31 እና የ151 ብዜት ነው። የባለ 64 ቢቱ ጣሪያ 9223372036854775807ም ለ7 ያለ ቀሪ ይካፈላል።

ብቸኝነቱ በእርግጥ የተፈለገበት ቦታ ግን አለ፤ ጸሐፊው ሳያዩት አልፈዋል። ኮምፒውተር የዕጣ ቁጥር የሚመስል ተከታታይ እንዲያወጣ ሲፈለግ፣ ፓርክና ሚለር የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች በ1988 ያስፋፉት ዘዴ እንዲህ ነው፦ በእጅህ ያለውን ቁጥር በ16807 አባዛ፣ ለ2147483647 አካፍል፣ ቀሪውን ውሰድ። ከ1 ብንነሳ 16807፣ ቀጥሎ 282475249፣ ቀጥሎ 1622650073 ይመጣል። ወደ 1 ከመመለሱ በፊት ከ1 እስከ 2147483646 ያሉትን ሁሉ እያንዳንዳቸውን አንድ ጊዜ ብቻ ይነካል። ይህ የሚሆነው አካፋዩ ብቸኛ በመሆኑና 16807ም፣ ማለትም 7⁵፣ ተገቢው አባዢ በመሆኑ ነው።

«በጥምቀት ዕለት ያልቃል»

አሁን ወደ ቀኑ። ዩኒክስ የተባለው የኮምፒውተር መሠረታዊ ፕሮግራምና ከእሱ የተወለዱት ሥርዓቶች ጊዜን የሚይዙት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ በግሪንዊች እኩለ ሌሊት፣ ጀምሮ ያለፈውን ሰከንድ በመቁጠር ነው። በኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ነበር። 2147483647 ሰከንድ ወደ ቀን ሲለወጥ 24855 ቀን ከ3 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ይሆናል።

ይህን በራሳችን ዘመን አቆጣጠር መቁጠር ቀላል ነው። ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 እስከ ታኅሣሥ 23 ቀን 2030 ድረስ 68 ዓመት አለ፤ በ365 ሲባዛ 24820። ጳጉሜን 6 የሆነችባቸው ዓመቶች ከ1963 እስከ 2027 ድረስ 17 ናቸው፤ 24837 ሆነ። የቀረው 18 ነው። ከታኅሣሥ 23 ሰባት ቀን ሲጨመር ታኅሣሥ 30፣ አሥራ አንድ ሲጨመር ጥር 11። ሰዓቱም በአዲስ አበባ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ፣ ታቦታቱ በጥምቀተ ባሕር ባደሩበት ማለዳ። ዕለቱ ማክሰኞ ነው። ጸሐፊው እዚህ ላይ ሒሳባቸው ንጹሕ ነው።

መደምደሚያው ግን ከሒሳቡ አይወጣም። በዚያችው ቅጽበት ዋሽንግተን ያለው ወገናችን ገና ሰኞ ማታ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ14 ላይ ነው፤ ለእሱ ከተራ ነው። መነሻውን የወሰኑት ዩኒክስን የሠሩት የቤል ላቦራቶሪ ሰዎች ናቸው፤ ያውም እያቀያየሩ። በ1971 የነበረው አሠራር የሚቆጥረው የሰከንድ 60ኛ ክፍልፋይ ነበር፤ በዚያ ፍጥነት 2147483647 ላይ ለመድረስ 415 ቀን አይሞላም። ሰከንድ ይሁን፣ ከ1970 ይነሳ የሚለው ለሥራ እንዲመች የተደረገ ስምምነት ነው።

ሌላም አለ። በኛ አቆጣጠር ከወሩ ቀኖች ባዶ የሚውል የለም። በ12 ቢውል ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም ይባል ነበር። መነሻው 23ም ጊዮርጊስ ነው፤ ጸሐፊው ይህን አለማንሳታቸው ገርሞኛል። በየትኛውም ቀን ቢያልቅ ተመሳሳይ ጽሑፍ ይጻፍ ነበር ማለት ነው።

«የዓለም ኮምፒውተሮች ሁሉ ይቆማሉ» የሚለውም የተጋነነ ነው። የሚቸገሩት ጊዜን በ32 ቢት የሚይዙት ናቸው። በ64 ቢት የሚቆጥሩት ለ292 ቢሊዮን ዓመት ያህል ቦታ አላቸው፤ ከዩኒክስ ዓይነቶቹ ሥርዓቶች አንዱ የሆነው ሊኑክስም በ2020 በወጣው 5.6 እትሙ ለባለ 32 ቢት ማሽኖች ጭምር መፍትሔ አስገብቷል። የሚያሰጋው ማንም የማያድሰው አሮጌ ዕቃ ነው፦ መቆጣጠሪያዎች፣ ግድግዳ ላይ የተረሱ የኔትወርክ ሣጥኖች፣ ምንጭ ኮዳቸው የጠፋ ፕሮግራሞች። እነሱም ብዙውን ጊዜ አይቆሙም፤ የምልክቱ ቢት ይገለበጥና ቁጥሩ −2147483648 ይሆናል፣ ቀኑም ወደ ዲሴምበር 13 ቀን 1901፣ በኛ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ይመለሳል።

2030 ዓ.ም. እስኪደርስ የሚጠብቅም አይደለም። በሜይ 2006 ኤኦኤልሰርቨር የተባለ የሰርቨር ፕሮግራም በድንገት መውደቅ ጀመረ፤ ምክንያቱ «ፈጽሞ አታቋርጥ» ለማለት አንድ ቢሊዮን ሰከንድ ወደፊት እንዲጠብቅ መታዘዙ ነበር። አንድ ቢሊዮን ሰከንድ ወደ 32 ዓመት ይጠጋል፤ ሲደመር ጣሪያውን አለፈ። የ20 ዓመት የቤት ብድር የመክፈያ ሰሌዳ የሚያወጣ ፕሮግራምም ዛሬውኑ ያንን ቀን ይሻገራል። በሰሌዳው ላይ የመጨረሻው ክፍያ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የሚውል ሆኖ ከወጣ፣ ፕሮግራመሩ ስሕተቱን የት እንደሚፈልገው ያውቃል።